ለተርቦ የተላኩ ሽማግሌዎች

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዙለይካ፣

አሰላሙ አለይኩም። የሻርጃ ሙቀት አንቺን ሳያገኝሽ ይለፍ፤ አሠሪሽንም አላህ ደመወዝ በሰዓቱ የሚከፍልበት ልብ ይስጠው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሚስቴን ራቢያን ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ካዛንቺስ ሳለን ደረጃ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ ሰፈሩ ተነስቶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ግን አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍትም የለም። ሽንኩርት ረስታ ተመልሳ ከወረደች የዚያን ቀን ወጥ የሚበላው ማታ ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በስልክ ስንጀምር «እንዴት ነሽ» እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እዘጋለሁ፣ ራቢያ ደግሞ እኛን ስታስታርቅ ካርዷ ያልቃል። ወረቀት ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም። ይህቺን የምታደርስልሽ ፋኢዛ ነጋዴዋ ናት። ልብስ ልታመጣ ዱባይ መመላለሷን አልተወችም፤ መልሱንም ዕቃውንም በእሷ ላኪልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምሠራት አውሮፕላን አልቃለች ማለት ይቻላል። አካሏ እዚሁ ጋራዤ ውስጥ ነው፣ ክንፎቿ ጎተራ ናቸው። አንዱን ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ፤ ሌላው ኮሪደር ላይ ቆሞ ጎረቤት የሕፃን ልብስ ያሰጣበታል። ሞተሯ ያ ከተጋጨው ማዝዳ የወጣው ሮታሪ ነው። ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፣ ሆዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ብቻ ይዞራል። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይንቀጠቀጥም። አንድ ችግር አለ፣ እሱም የሞተሩ ሳይሆን የአዲስ አበባ ነው። ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የመቶ ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሲመጣ የሰባ አምስት ይሆናል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥርም ይደክማል። ስለዚህ የጎደለውን አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባለት ተርቦ ያስፈልገዋል።

የምፈልገው ከእንደዚያ ዓይነት ማዝዳ ጋር አብሮት የሚመጣውን ትንሹን ተርቦ ነው። ለሞተሩ የተሠራ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ አይከብድም። አንቺ የምትሠሪበት ግቢ ውስጥ አሮጌ መለዋወጫ እንደ ድንች ተከምሮ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ አይቻለሁ።

አትዘግዪ። የአብራሪነት የጤና ወረቀቴ የሚያገለግለው እስከ መስከረም ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ዕድሜዬ ሐኪሙ ያድስልኝ አያድስልኝ አላውቅም። አዋሽ ጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ከምረጭባት አውሮፕላን ከወረድኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ከመስከረም በፊት አንድ ጊዜ መነሳት እፈልጋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም።

አጎትሽ ሱሌማን


ሻርጃ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሱሌማን፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። የእትዬ ራቢያን ጉልበት አላህ ይማርልን፣ የእርስዎንም ዕድሜ ያርዝመው። ይህንን ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ደብዳቤዎን ሳነበው እርስዎ ለማሳጠር የተነሱ ስለመሰለኝ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የአጎቴ ታሪክ ኖሯል። አምና ፕሮፔለር ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ። ፋኢዛን ጉምሩክ ላይ «የየትኛው ሆቴል ማራገቢያ ነው?» እያሉ ሁለት ቀን አመላለሷት፤ እስከዛሬ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አሁን ደግሞ ተርቦ። ይሁን እሺ። ትንሹን ግን አልልክም።

እኛ ግቢ ተርቦ የሚያድሱ የፔሻዋር ሰው አሉ፤ ዕድሜያቸው ከእርስዎ ይበልጣል። ሄጄ ጠየቅኋቸው። መኪና ላይ ሰው ነዳጁን ለአፍታ ይረግጥና ይለቃል፤ ተርቦው በመሃል ይተነፍሳል አሉኝ። ያለ ፋታ ጭነት ላይ የሚውል ሞተር ግን ለትንሽ ተርቦ እረፍት አይሰጠውም። የሮታሪ ጭስ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይፋጃል፣ ሲወጣም እንደ መዶሻ እየደበደበ ነው። መውጫው ከጠበበ ይታነቅና ሙቀቱ ተመልሶ ሞተሩን ያበስለዋል። ስለዚህ ትልቅ ይሁን ብለዋል። አንድ ትልቅ አይቻለሁ፣ አስቀምጬልዎታለሁ፤ ማጽዳቱ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ይታገሱ።

መነጽር አስደረጉ ወይ? ባለፈው በላኩልኝ ቪዲዮ ላይ የዘይት መለኪያውን እትዬ ራቢያ ስታነብልዎ ሰምቻለሁ። «ስንት ይላል?» ያሉት እርስዎ ነበሩ።

ታዛዥዎ ዙለይካ


ቡልጋሪያ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙለይካ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደህና ነን። መነጽር አልፈልግም፤ መለኪያው ነው አቧራ የያዘው።

ትልቅ ተርቦ ሰነፍ ነው። ያንን ሁሉ ብረት አዙሮ አየር እስኪሰጠኝ ድረስ ማኮብኮቢያው አልቆ የሰው ስንዴ ውስጥ እገባለሁ። ይከብዳልም። አፍንጫዋ ላይ በሰቀልኩት ኪሎ ልክ ጭራዋ ላይ ሚዛን መፈለግ አለብኝ። ይህንን ለፔሻዋሩ ሰውዬ ነገርሻቸው? ለመሆኑ ተርቦው ለምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል? የተናገሩት ስለ አውሮፕላን አልመሰለኝም።

አንቺን ስጠብቅ ክረምት ሊገባብኝ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋራዥ የጭነት መኪና ተርቦ ገዝቼ ገጠምኩ። ፋታ የሌለው ጭነት አይደል ያልሽው? ይኸው፣ ይህ ተርቦ ሲሚንቶ ተጭኖ ጣርማበርን ሲወጣ የኖረ ነው። ከእሱ የበለጠ ጭነት የሚያውቅ ከየት ይመጣል? መሬት ላይ አስረን አስነሳነው። ድምፁ አንጀት ያርሳል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ድምፁን ለወጠ እንጂ ደህና ነው። በዚሁ ልቀጥል ነው፤ አትቸገሪ።

ሱሌማን

ዙሊዬ፣ ራቢያ ነኝ። እንዳሽገው ሰጥቶኝ ከሥር የጨመርኩት ነው። «ትንሽ ድምፁን ለወጠ» ያለውን እንዳታምኚ። ብረቱ እንደ ፍም ቀልቶ ተሰነጠቀ፣ ቁራጩ ተፈናጥሮ የጋራዡን ጎረቤት የጎሚስታውን የቆርቆሮ በር በስቶ ገባ። ጎሚስታው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው የተረፈው። ሱሌማን በሩን ባትላሜራ ጠርቶ አሠራና ነገሩ አለቀ አለ። እኔ ብናገር አይሰማኝም፤ ትዳር ከያዝን ጀምሮ ሞክሬዋለሁ። አንቺ አንድ ነገር አድርጊ።


ሻርጃ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሱሌማን፣

አላህ ጎሚስታውን ሻይ ስላስጠማው ምስጋና ይግባው። ዛሬ ሌላ ምርቃት የለኝም።

የናፍጣ ጭስ ከቤንዚን ጭስ ይቀዘቅዛል። ያ ተርቦ የተሠራው ለዚያ ነው፤ ጣርማበርን ሺህ ጊዜ ቢወጣ የሮታሪን እሳት አይችለውም። ይህንን እርስዎ ከእኔ በፊት ያውቁታል። እያወቁ ነው የገጠሙት፣ ስለቸኮሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እርስዎ ግን ከላይ ሆነው ካፈሰሱ የምንለቅመው እኛ ነን።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ አባት ብዬ የምጠራው እርስዎን ነው። ትምህርት ቤት ያደረሱኝ እርስዎ፣ ለዚህ ሥራ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኙኝ እርስዎ። ሁለተኛ አባት በተርቦ ምክንያት መቅበር አልችልም። ስለሚያናድደኝ አይደለም የምጮኸው፣ ስለምፈራ ነው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ግን መከራውን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ለካዛንቺሱ እድራችን ዳኛ ለአቶ ደጋጋ ጽፌያለሁ። ሽማግሌ ይመጣብዎታል። ለጋብቻዬ ያልመጣ ሽማግሌ ለተርቦ ይምጣ፤ ምን ይደረጋል።

ዙለይካ


ቡልጋሪያ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከሳሼ ለዙለይካ፣

አላህ ሰላምሽን ያብዛው፣ ሽማግሌ ከመላክም ይገላግልሽ።

ሽማግሌዎችሽ መጡ። ሰፈሩ ሲነሳ ሰው ሁሉ ተበትኖ የለ፤ አቶ ደጋጋ ከሰንጋ ተራ፣ ሐጂ ጃዋር ከልጁ ቤት፣ ወይዘሮ ሲምረት ደግሞ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት ሁለት ታክሲ ቀያይረው እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። አቶ ደጋጋ ኮት ለብሶ፣ ሐጂ ጃዋር ከዘራውን ይዞ። ጎሚስታው ሰው የሞተ መስሎት «ነፍስ ይማር» አለ። እኔ የማስቀምጣቸው ቦታ አጥቼ ሁለቱን ጎማ ላይ፣ ወይዘሮ ሲምረትን የአውሮፕላኗ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ታስታውሻታለሽ፣ አንቺን ያዋለደችው እሷ ናት።

አቶ ደጋጋ ጀመረ። «ሱሌማን፣ ልጅቷ ጠልታህ አይደለም። በቃ፣ ይሄን ነገር ተው ነው የምትለው። እኛም የመጣነው ተው ልንልህ ነው።»

«ተው ካላችሁኝ እተዋለሁ» አልኩ። «ግን ምኑን እንደምተው መጀመሪያ እዩልኝ።»

ተርቦ ሳይኖረው ሞተሩን አስነሳሁላቸው። ሐጂ ጃዋር ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ነው የሸጠው፣ ግን ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ከዘራውን ረሳው። «ፒስተን የለውም ነው የምትለኝ? ማለቴ፣ ጭራሽ?» አለ። ሣጥን ከፈትኩና መለዋወጫውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት እጁ ላይ ሰጠሁት። አገላበጠው። አቶ ደጋጋም ኮቱን አወለቀ። ሻይ አስመጣሁ። ሻዩ ሲያልቅ ከመካከላቸው ሊያስቆመኝ እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

«እና ጠቡ ምኑ ላይ ነው?» አለ ሐጂ ጃዋር።

«እሷ ትልቅ ተርቦ ትላለች፣ እኔ ትንሽ እላለሁ።»

አቶ ደጋጋ ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ጉሮሮ ታውቂዋለሽ፤ ስንት የአጥር ድንበር፣ ስንት የፍሳሽ ቦይ፣ ስንት ባልና ሚስት ታርቆበታል። «እንግዲህ» አለ፣ «አንተም ትንሽ ልቀቅ፣ እሷም ትንሽ ትልቀቅ። መካከለኛ ይሁን።»

«ጋሽ ደጋጋ፣ ይሄ እኮ አጥር አይደለም። ተርቦ በመሃል አይከፈልም።»

«ሽማግሌ ልትረግጥ ነው?»

«ኧረ አልረግጥም!»

«እንግዲያው መካከለኛ።»

ይሄ ሁሉ ሲሆን ወይዘሮ ሲምረት ወንበሩ ላይ ሆና ቀበቶውን ታስራለች፣ ትፈታለች። በኋላ «ወንበሩ ሁለት ነው» አለች። «ይሄኛው የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ብቻዬን ነው የምበረው።»

«መካከለኛ የሚባለውን ተዉት» አለቻቸው። «እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ተርቦውን ዙለይካ ትምረጥ፣ የመረጠችውን ተቀበል፣ አንዲት ቃል አትመልስ። ግን መራጯ እሷ ከሆነች፣ መጀመሪያ የምትነሳ ቀን እዚህ ወንበር ላይ እሷ ትቀመጥ። እሷ ሳትቀመጥ ከመሬት ንቅንቅ የለም።»

ሳቅሁ። የመጀመሪያ በረራ ላይ ተሳፋሪ አይፈቀድም፣ ደንብ አለ፣ ለበረራው የግድ የሚያስፈልግ ሰው ብቻ ነው አልኳት።

«የግድ ታስፈልግሃለች» አለች። «መለኪያውን ማን ሊያነብልህ ነው? ራቢያ ነግራኛለች።»

ሐጂ ጃዋር ዱዓ አደረገ፣ አቶ ደጋጋም አሜን አለ፣ ነገሩ ታሰረ። ዱዓ ከተደረገበት በኋላ ማፍረስ የለም። አስቁሙልኝ ብለሽ የላክሻቸው ሽማግሌዎች አንቺኑ አሳፍረውሽ ሄዱ። እንግዲህ ምረጪ።

ሱሌማን


ሻርጃ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሱሌማን፣

አላህ ጤና ይስጥልኝ፣ ለወይዘሮ ሲምረት ደግሞ ምን እንደምመኝላት አላውቅም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ብመልስ ኖሮ የምጽፈው ነገር ከእርስዎ ጋር ለዘላለም ያጣላን ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ታክሲ ሲወጣ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ሰው አስቁሙልኝ ብሎ ቢለምን ከአደጋው ጋር በቀበቶ ይታሰራል? ይሄ ፍርድ ነው? ለአሠሪዬ ብነግረው ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት በዚህ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ግን አንድ ማታ ትልቁን ተርቦ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ እኔ ከእሱ ኋላ ተቀምጬ ታየኝ። ጋሼ፣ የጠረጠሩት ልክ ነው። ለፔሻዋሩ ሰው አውሮፕላን አላልኳቸውም፣ ጀልባ ነው ያልኳቸው። አፈርኩ። «አጎቴ ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል» ስል ግቢው በሙሉ የሚለኝ ታወቀኝ። እሳቸውም ለጀልባ መለሱልኝ። ባሕር ላይ ግን ከፍታ የለም። እርስዎ ስለቸኮሉ ስቆጣ፣ እኔ በይሉኝታ ልገድልዎ ነበር።

በማግስቱ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «ከየትኛው ከተማ ነው የሚነሳው?» አሉኝ። ስነግራቸው ያሳየኋቸውን ትልቁን ተርቦ በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት። አየሩ በሳሳ ቁጥር ተርቦው ያንኑ አየር ለመስጠት የበለጠ ይፈጥናል፤ ትንሹ ቢሆን ከልኩ በላይ ዞሮ ራሱን ይበትናል አሉ። ትልቁ ደግሞ አየር የሚጠቀጥቀው ወገኑ ከመጠን በላይ ትልቅ ስለሆነ እርስዎ እንዳሉት ቶሎ አይነሳም። የሰጡኝ ሌላ ነው። ጭሱ የሚያዞረው ወገኑ እኔ ካልኩትም ይሰፋል፣ ብረቱም ለቤንዚን እሳት የተሠራ ነው። የአየሩ ወገን እርስዎ ካሉት ብዙም አይበልጥም፣ የጎደለውን እንዲመልስ ብቻ ነውና። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ዙሪያ ውሃ ይዞርበታል። ትርፉን ጭስ የሚያስለቅቅ በር ለብቻው አለው። አቶ ደጋጋ ይህንን እንዳይሰሙ፤ መካከለኛ ብለው የፈረዱት እሳቸው ይመስላቸዋል።

በፋኢዛ ልኬዋለሁ። የልጆች ጫማ አውጥታ ነው ቦታ የሰጠችኝ፣ ውለታዋን አይርሱ። ከፍ ባለ ጉልበት ካሠሩት በኋላ ድንገት አያጥፉት፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ አለዚያ ዘይቱ ኩሽኔታው ላይ ይቃጠላል። መሬት ላይ እስኪሰለችዎ ያስነሱት። መስከረም ላይ ፈቃድ ወስጃለሁ። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ዓይኔን እከፍታለሁ ግን አላልኩም።

ዙለይካ


ቡልጋሪያ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙለይካ፣

ክረምቱ እዚህ ከባድ ነው፤ ዝናቡን ወደ እናንተ የሚልክ መንገድ ቢኖር ግማሹን በፋኢዛ እልክልሽ ነበር።

ተርቦው ደረሰ። ገጠምኩት። እንደ ቃሌ አንዲት ቃል አልመለስኩም፣ የምመልሰውም አላገኘሁም። ደጋግመን አስነሳነው፤ ቀልቶ አልተሰነጠቀም፣ ጉልበቱም ሙሉ ነው። ጎሚስታው መጀመሪያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣ አሁን ግን ቆሞ ያያል።

እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ነገር አልጣመኝም። የተርቦው ክብደት የጭስ ማውጫው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደጋፊ ብረት ልሠራለት ነው። የዘይቱን ቱቦም ቀየርኩት። ያንቺን ወንበር ቀበቶ የያዘውን ብሎንም ፈታሁት፣ ቀጭን መሰለኝ። ላሜራው ራሱ ሳስቶብኛል። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

ሱሌማን


ሻርጃ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሱሌማን፣

ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ጊዜ ማለት ምን ማለት ነው? ጥር ላይ «አትዘግዪ» ያሉኝ ማን ነበሩ? ጎረቤት ነበር?

እትዬ ራቢያ በስልክ ነገረችኝ። ደጋፊው ብረት ካለቀ በኋላ እንደገና አፍርሰውታል አሉ። የነዳጅ ቱቦውን ሦስቴ ቀይረዋል። ወንበሩን አውጥተው ወለሉን በአዲስ ላሜራ ሠርተውታል። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ፈቃዴን አጽፌያለሁ፣ ከፍታ ልልመድ ብዬ በየዕለቱ የሕንፃችን ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ወደ ታች አያለሁ፤ የሕንፃው ዘበኛ ራሴን ላጠፋ መስሎት ተከትሎኝ መውጣት ጀምሯል። ይህንን ሁሉ ያደረግሁት ለእርስዎ መስከረም ነው። የጤና ወረቀትዎ ሊያልቅ ነው። ካለቀ ምን ሊያደርጉ ነው? ያችን አንድ ምኞትዎን በብሎን ምክንያት ሊጥሏት ነው?

እባክዎ ይጨርሱ። እኔ ራሴ ይቸኩሉ ስልዎ ጆሮዬን አላመንኩትም።

ዙለይካ


ቡልጋሪያ
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙለይካ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ፣ አላህም ትዕግሥት ይጨምርልሽ፤ ልታዘኚብኝ ነውና።

ራቢያ በስልክ «ትኬትሽን አቆዪው» ያለችሽ በእኔ ቃል ነው። የጤና ወረቀቴ አለፈ። እያየሁት አለፈ።

ልንገርሽ። ለብቻዬ የምነሳ ሲመስለኝ ሁሉ ነገር በቂ ነበር። ብሎኑ ጠብቋል፣ ብየዳው ይዟል፣ መለኪያው ይታያል እል ነበር። ወይዘሮ ሲምረት አንቺን እዚያ ወንበር ላይ ካስቀመጠችሽ ወዲህ ግን የሚበቃኝ ነገር ጠፋ። ማታ ማታ አንቺ ተቀምጠሽ እግርሽ የሚያርፍበትን ቦታ አስባለሁ፣ ጠዋት ስመጣ አፈርሰዋለሁ። ለራሴ ሲሆን የሞላው ሁሉ ለአንቺ ሲሆን ጎደለብኝ። ወረቀቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ዝናቡም አቁሞ ነበር፣ ጠርቼሽ ብንነሳ እንችል ነበር። ራቢያም «ሂድና ይውጣልህ» አለችኝ። አልቻልኩም።

ከዚያ የዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ብቻዬን ብሆን አልሄድም ነበር። መነጽር ሰጠኝ። መነጽሩን አድርጌ ጋራዥ ገባሁና የሠራሁትን በደንብ አየሁት። ሞተሩን ከአካሏ የሚያይዘው ብረት ላይ፣ አምና እኔው በበየድኩት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ከመነሻው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አይቼው አላውቅማ። ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በጭነት መኪናውም ተርቦ ቢሆን በትንሹ፣ በዚያች ብየዳ ልነሳ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ውሃ አመጣልኝ።

አውጥቼ ሌላ ሰው በአዲስ አስበየድኩት። በመነጽሩ የጤና ወረቀቱን ደግሞ አደሱልኝ፤ ለስድስት ወር ነው። ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ደጋጋ «መካከለኛ ብዬ ነበር» አለ። ወይዘሮ ሲምረት ለአንቺ ሰላምታ ብላለች።

ጥር ላይ ነይ፣ ሰማዩ ጥሩ ነው። እስከዚያ ሚዛኑን ላስተካክል፣ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላኪልኝ። ኪሎሽ ስንት ነው? ራቢያን ብጠይቃት የሰርጓን ሰሞን ኪሎዋን ታስታውሳለች እንጂ ያንቺን አታውቅም። በግምት አትጻፊ፣ ተመዘኚ።

አባትሽም አጎትሽም ሱሌማን


ሻርጃ
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ሱሌማን፣

አላህ ያንን ስንጥቅ ያሳየዎትን መነጽር ይባርከው። ደብዳቤዎን ጣሪያው ላይ ወጥቼ ነው ያነበብኩት፤ ስለ ብየዳው ካነበብኩ በኋላ ዘበኛው ነው ያወረደኝ። ጮኼብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር ይቸኩሉ አልልም፣ አይዘግዩም አልልም። ለጥር ትኬቱን አራዝሜዋለሁ።

ግቢያችን የብረት ሚዛን ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ሰባ ሦስት ኪሎ ተኩል። ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም። እትዬ ራቢያ ከጠየቀችዎ ስልሳ አምስት ይበሏት። አውሮፕላኗ ላይ ግን እውነቱን ይጻፉ።

ልጅዎ ዙለይካ